«መካን ናት» የተባለችው ኦርኪድ

እናንተዬ፣ ዛሬ ደግሞ ስለ አበባ ልጽፍላችሁ ነው። «ምነው፣ የፍቅር ጣጣ አለቀብሽ?» እንዳትሉኝ፤ የፍቅር ጣጣ መቼም አያልቅም። «ስልኬን አያነሳም»፣ «እናቱ አልወደዱኝም» የሚሉት መልእክቶቻችሁ እንደተቆለሉ ናቸው፤ ተራ በተራ እንመጣባቸዋለን። የዛሬዋ ባለጉዳይ ግን አራት ቅጠል ያላት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ «አላብብም!» ብላ ያኮረፈች አንዲት ኦርኪድ ናት።

ኦርኪዷ የጓደኛዬ ነበረች። ከጓደኛዬ ጋር ሁለተኛ ደረጃን አብረን ነው የጨረስነው፤ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን፣ አንድ ሳንድዊች ለሁለት ገምሰን። ስሟን አልጠራም፣ ሰፈሯንም አልናገርም። ይህን ጽሑፍ እናንተ ከማንበባችሁ በፊት እሷ አንብባዋለች። «ይሄን ሰርዢው» ያለችኝን ሰርዣለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ጥር 2014 ዓ.ም. ላይ ነው። አራተኛ ዓመት የጋብቻ በዓላቸው ነበርና ባሏ ቦሌ ካለ አበባ መሸጫ አንዲት ነጭ ኦርኪድ ገዝቶ ገባ። ዋጋዋን ስሰማ «በዚህ ብር እኮ ግማሽ በግ ይገኛል!» ማለቴ ትዝ ይለኛል። ግን ምን ልበላችሁ፣ ስታዩዋት ታምራለች። ቀጭን ዘንግ ላይ ስምንት ነጫጭ አበቦች ተደርድረዋል፤ ከሩቅ ሲያዩአቸው ቢራቢሮዎች ሰልፍ የወጡ ይመስላል። ጓደኛዬ ሳሎኗ ውስጥ የክብር ቦታ ሰጠቻት፤ ቡፌው ላይ፣ ከሠርጋቸው ፎቶ ጎን። አበቦቹ ሦስት ወር ሙሉ ሳይረግፉ ቆዩ። ፋሲካ ሲደርስ አንድ በአንድ ወደቁ፤ ዘንጉም ደረቀ። ከዚያ በኋላ ጸጥ! ቅጠል ብቻ።

ዓመቱ ዞረ፣ ጥር መጣ፣ የለችም። ሌላ ክረምት አለፈ፣ የለችም። ጓደኛዬ በየማለዳው ተነስታ ታጠጣታለች፤ ቅጠሏን በጨርቅ ትወለውላለች፤ አንዳንዴም «ምነው የኔ እመቤት፣ ምን አጠፋሁ?» ትላታለች።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የባሏ እናት ለመስቀል ከክፍለ ሀገር መጡ። ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ቀርቦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ የእሳቸው ዓይን ቡፌው ላይ አረፈ።

«ይቺ ደሞ ምንድን ናት?»

«አበባ ናት እማማ።»

«አበባዋ የታለ?»

«እ… እስካሁን አላበበችም።»

«ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺማ መካን ናት! ቦታ ከምታጣብብ አውጥታችሁ ጣሏት።»

ከስድስት ዓመት ትዳር በኋላ ልጅ ያላገኘች ሴት እዚያው አጠገባቸው ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች ነበር። አስቡት እንግዲህ! ሆን ብለው ይበሉት፣ ሳያስቡት ያምልጣቸው፣ እስከ ዛሬ የጠየቃቸው የለም። ጎረቤቶቹ ፈንዲሻቸውን ማኘክ አቆሙ አለችኝ። ያን ዕለት ማታ ደወለችልኝ። «ነይና ይቺን ነገር ውሰጅልኝ። ልጥላት አንጀቴ አልቻለም። ቤቴ ውስጥ ሳያትም አልችልም።»

ሄድኩ፣ ተቀበልኩ፣ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌያት ተቀመጥኩ። ወያላው አየት አድርጎኝ «እህት፣ ቆስጣውን ከእግርሽ ሥር አድርጊውና ሰው ይቀመጥ!» አለኝ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። እልህ ይዞኝ ነበር። ይቺን አበባ አሳብቤ ለእኚያ ሴትዮ ካላሳየሁ! አልኩ በልቤ። ይህን እልህ ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

እኔ ስለ ተክል የማውቀው 12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ላይ ያበቃል፤ እሱንም ለፈተና ነበር የሸመደድኩት። የተከራየሁባት ግቢ ሴቶች ኦርኪዷን ሲያዩ ሁሉም ሐኪም ሆኑ። አንዷ «የቡና አተላ አፍሺባት» አለች፤ አንዷ «የእንቁላል ቅርፊት» አለች፤ ሦስተኛዋ እህቷ ገጠር ስላለች ዩሪያ ላስመጣልሽ አለችኝ። እሺ ብዬ ያን ጊዜ ዩሪያውን ብሞጅርባት ኖሮ ይህ ጽሑፍ የለቅሶ ይሆን ነበር። ያዳነኝ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ሰው ነው። ኦርኪዷን ተቀብሎኝ፣ ገልበጥ አድርጎ ከሥር አያት፣ አሸተታትና እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ ይቺ የዛፍ ልጅ ናት። እናንተ የአፈር ልጅ አድርጋችሁ ነው ያሳደጋችኋት። በዚያ ላይ ውኃ ውስጥ ነው ያለችው!»

ሰውየው ያደገው ከፋ ነው። ልጅ ሆኖ የቡና ጥላ የሆኑ ትላልቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ሥራቸውን አንጠልጥለው የሚኖሩ ነጫጭ አበቦች ያይ ነበር። «ማን ተክሏቸው? ማን አጠጥቷቸው? ዝናብ ይመታቸዋል፣ ነፋስ ያደርቃቸዋል፣ በቃ!» አለኝ። ያን ዕለት ነው ኦርኪድ የፈረንጅ አበባ ብቻ አለመሆኑ የገባኝ። ለካ በሀገራችን ከ150 ዝርያ በላይ ኦርኪድ አለ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ኢትዮጵያ ኦርኪዶች መጽሐፍ አሳትመዋል። ኬክ ውስጥ የሚገባው እውነተኛው ቫኒላ ራሱ የኦርኪድ ፍሬ ነው፤ ይህን ስሰማ አፌን ይዤ ነው የቀረሁት።

የኔይቱ ግን ሀበሻ አይደለችም። ዘሯ ፊሊፒንስ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ታይዋን ካሉት ጫካዎች ነው። ሙሉ ስሟ ፋሌኖፕሲስ ይባላል። ብሉም የሚባል የእጽዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1825 ያወጣላት ስም ሲሆን የእሳት ራት የምትመስል ማለት ነው። አበባ መሸጫዎች ውስጥ «ኦርኪድ» ተብላ የምትሸጥላችሁ አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት።

ቤቴ ስገባ ከሸክላ ዕቃዋ አወጣኋት። ዕቃው ያምራል፤ ወርቃማ ጌጥ አለው። ከሥሩ ግን አንድም ቀዳዳ የለውም! ታች ሁለት ጣት የሚሆን የቆየ ውኃ ተኝቷል፤ ሽታው የተረሳ ጠላ ጋን ነው። ሥሮቹ ስፖንጅ በመሰለ የረጠበ ነገር ተጠቅልለው ኖረዋል፤ አብዛኞቹ ቡናማ ሆነዋል፤ በጣት ሲጫኗቸው ልጣቸው እንደ ካልሲ ይወልቃል። ጓደኛዬ አላብብ ስትላት የበለጠ ታጠጣታለች፤ የበለጠ ስታጠጣት ሥሯ የበለጠ ይበሰብሳል፤ ሥር የሌለው ተክል ደግሞ በምን አቅሙ ያብባል?

ሰውየው እንዳዘዘኝ ምላጭ በእሳት አንድጄ የበሰበሰውን ሁሉ ቆረጥኩ። አምስት ጤነኛ ሥር ብቻ ቀረ። የተቆረጠበትን ጫፍ፣ ጫፉን ብቻ፣ የቀረፋ ዱቄት ነካ ነካ አደረግሁበት፤ ሻጋታ ይከላከላል። ከዚያ አንድ ትልቅ ሃይላንድ ወገቡ ላይ ቆረጥኩና ታቹንና ጎኑን በጋለ ሚስማር በሳሳሁት። ሃይላንድ የመረጥኩት ድህነት አስገድዶኝ ብቻ አይደለም፤ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሥሩን ከውጭ ማየት ይቻላል። ውስጡን የሞላሁት ከእንጨት መሰንጠቂያ በነፃ ባገኘሁት የፓይን ዛፍ ቅርፊት ነው፤ አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል መጠን ሰባብሬ። ከእሱ ጋር ታጥቦ አቧራው የወጣለት ከሰል ቀላቀልኩ። አፈር? አንድ ቁንጥር የለበትም! ሥሯ አየር ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ውኃ ማጠጣት እንዴት ቀላል ሆነ መሰላችሁ! ሥሩን ማየት ነው። የረጠበ ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ሲጠማት ነጣ ብሎ እንደ ብር ያብረቀርቃል። ብር ሲመስል ሃይላንዱን ሳፋ ውስጥ ለአሥራ አምስት ደቂቃ እነክራታለሁ፣ አውጥቼ አንጠፈጥፋለሁ፣ አለቀ። በበጋ በሳምንት አንዴ፣ በክረምት በአሥር በአሥራ ሁለት ቀን። ሁልጊዜ ጠዋት። ቅጠሎቹ መሐል ውኃ ከቋጠረ በሶፍት አደርቀዋለሁ፤ እዚያ ላይ ያደረ ውኃ እምብርቷን አበስብሶ ይገድላታል። በክረምት የጣራ ውኃ አጠራቅሜ ነበር የማጠጣት፤ የዝናብ ውኃ ትወዳለች፤ ደግሞ በፈረቃ ከሚመጣው የቧንቧ ውኃ ይልቅ ዝናቡ ታማኝ ነው!

ዋናው ጥፋት ግን የውኃው ብቻ አልነበረም። ቡፌው ነበር። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ታውቁታላችሁ፤ መስኮቱ በአንድ በኩል፣ ቡፌው በሌላ በኩል፣ መሐል ላይ ደግሞ ወፍራም መጋረጃና ሶፋ። እንግዳ ሲመጣ እንድትታይ የተቀመጠችበት የክብር ቦታ ለእሷ ጨለማ ቤት ነበር። ቅጠሎቿ ጥቁር አረንጓዴ ስለነበሩ ሁላችንም «ወይ ጤና!» እንል ነበር። ለካ ያ ብርሃን የተራበ ቅጠል ነው። በቂ ብርሃን ያገኘች ኦርኪድ ቅጠሏ ፈካ ያለ፣ አዲስ የበቀለ ሣር የመሰለ ነው። ወደ ቀይ ከሄደ ደግሞ በዝቶባታል።

የእኔ ቤት አንዲት ሰርቪስ ክፍል ናት፤ መስኮቷም አንድ ነው። ደግነቱ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው። እዚያ ከስስ ነጭ መጋረጃ ጀርባ አስቀመጥኳት። የጠዋት ፀሐይ በመጋረጃው ተጣርቶ ያገኛታል፤ የቀትሩ ቃጠሎ አይደርስባትም። እናንተም ቤታችሁን ለመፈተን ብትፈልጉ ቀን ላይ እጃችሁን ከቅጠሏ አንድ ክንድ የማይሞላ ያህል ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉ። ጥላው ጠርዙ ለስለስ ብሎ ከታየ ቦታው ተስማሚ ነው። በቢላዋ የተቆረጠ የመሰለ ጥርት ያለ ጥላ ከሆነ ፀሐዩ ያቃጥላታል። ጭራሽ ጥላ ከሌለ… ቡፌው ላይ ናት ማለት ነው።

ከጥቅምት እስከ ሰኔ ድረስ የሆነውን ሁሉ ልዘርዝር ብል ትተኛላችሁ። በጥር አንድ ቅጠል፣ በሚያዝያ ሁለት ሥር፣ ይኸው ነው። እኔ ግን ፎቶ አንስቼ ለጓደኛዬ እልክላታለሁ። «ይኸው ቅጠል!» «ይኸው ሥር!» አንድ ጊዜማ ጥፋቱ የቡፌው እንደነበረ የሚያስረዳ ሁለት ገጽ የሚያህል መልእክት ጽፌ ላክሁላት። «ጎበዝ» ብላ መለሰች። አጭር ናት። አልገባኝም።

አሁን የሙቀቱን ነገር ስሙኝ፤ ለአዲስ አበባ ሰው ትልቅ የምሥራች ነውና። ፋሌኖፕሲስ ዘንግ እንድታወጣ ጥቂት ሳምንታት ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሊልላት ይገባል፤ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ። ሌት ተቀን ከ28 ዲግሪ በላይ የሆነ ቤት ውስጥ ቅጠል እያበዛች ዝም ትላለች። ድሬዳዋ ላላችሁ አዝናለሁ፤ የእናንተ ትግል ከሙቀቱ ጋር ነው። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ የምንኖረው እኛ ግን ያ ሁሉ ፈረንጅ በማሽን የሚያመጣውን ቅዝቃዜ በነፃ አለን። መስኮቱ አጠገብ ያለ ተክል የክረምቱ ሌሊት ይበቃዋል። እንዲያውም በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ ስለሚያይል ማታ ማታ ከመስታወቱ ራቅ ማድረግ ነው፤ ቅጠሏ መስታወቱን ነክቶ እንዳያድር።

እናላችሁ ክረምቱ እኔ ሳላውቀው ሥራውን ሲሠራ ከርሟል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ልክ የእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ከታችኛው ቅጠል ሥር አንድ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። ሥር ነው ወይስ ዘንግ? ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ሥር ከሆነ ጫፉ ድቡልቡልና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ዘንግ ከሆነ ጫፉ ጠፍጠፍ ብሎ የአውራ ጣት መግቢያ ያለው ትንሽ ጓንት ይመስላል። ጓንት ነበር! ብቻዬን እልል አልኩ። የግቢው ሴቶች ሎተሪ የደረሰኝ መስሏቸው ሮጠው መጡ።

ዘንጉ እየረዘመ ሄዶ በኅዳር መጀመሪያ ሰባት እምቡጥ ያዘ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ኅዳር ታጠነ! ኅዳር 12 ሰፈራችን ዛሬም ቆሻሻውን ሰብስቦ ያጤሳል፤ በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን የፈጀውን የኅዳር በሽታ ለማስታወስ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው። ጭሱ በመስኮቴ ገባ። እኔ ደግሞ ዕለቱን እንግዳ ነበረብኝና ቤት ውስጥ ከሰል አያይዤ ቡና አፍልቻለሁ፤ ሙዝም ገዝቼ ከአበባዋ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። በአራተኛው ቀን ሁለት እምቡጦች ቢጫ ሆነው ረገፉ። አለቀስኩ ብላችሁ አትስቁብኝ። ለካ ጭስም፣ የሚበስል ሙዝም ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ። ሙዙን የሚያበስለው ያው ጋዝ የኦርኪድን እምቡጥ ያረግፋል። ስለዚህ እምቡጥ የያዘች ኦርኪድ ካለቻችሁ ቡናችሁን በረንዳ ላይ አፍሉ፤ ፍራፍሬውንም ሌላ ክፍል አስቀምጡ። እምቡጥ ከያዘች በኋላ ቦታዋንም አትቀያይሩባት፤ ፊቷን ወደ ብርሃን አዙራ ስለምትቆም ሲያዟዟሯት ትታወካለች።

የተረፉት አምስቱ በታኅሣሥ ፈኩ። ነጭ! መሐላቸው ላይ ብጫ ነጠብጣብ ያለች ትንሽ ከንፈር አላቸው። አልጋዬ ላይ ተኝቼ ሳያቸው አንዳንዴ ሥራ ይረፍድብኝ ነበር።

እዚህ ላይ ብጨርስ ኖሮ እንዴት ባማረብኝ።

የገና ዕለት ጓደኛዬ ቤት ተጋብዤ ነበር። የባሏ እናት ለበዓሉ መምጣታቸውን ሰምቻለሁ። ያ የታክሲ ውስጥ እልህ ተነሳብኝ። አበባዋን ጥብጣብ አስሬላት፣ ኮንትራት ታክሲ ይዤ፣ እንደ ሙሽራ አጅቤያት ሄድኩ። በሩን ስገባ ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። ዶሮው ቀርቧል። እኔ ሰላምታ እንኳን በቅጡ ሳልሰጥ አበባዋን ሴትየዋ ፊት ለፊት አስቀመጥኩና፣ «እማማ፣ መካን ናት ያሏት ያቺውና! ጊዜው ሲደርስ ሁሉም ያብባል!» አልኩ። ጮክ ብዬ። ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሴትየዋ አዩኝ። የተናገሩትን እንኳን የሚያስታውሱት አይመስልም። «አበባዋ ደስ ትላለች ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። ባሏ ሳህኑን ያይ ጀመር። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። ጓደኛዬ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ተከተልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ድፎ ዳቦ ትቆርሳለች። እየቆረሰች፣ እየቆረሰች፣ ለሃያ ሰው የሚበቃ ቆረሰች።

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» አልኳት።

«ለእኔ አይደለም ያመጣሻት፤ ለእሳቸው ነው። እሳቸው የዛሬ ዓመት አንዴ ተናግረው ረስተውታል። አንቺ ዛሬ በሰው ፊት አስታወስሻቸው።»

ዝም አልኩ።

«ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ያብባል ትያለሽ። ባይደርስስ? እኔ ባላብብስ ምን ታመጪልኛለሽ? ሌላ አበባ?»

«እንደሱ ለማለት…»

«እሳቸው መካን አሉ፣ አንቺ ታብቢያለሽ አልሽ። ሁለታችሁም የምታዩት ሆዴን ነው።» ቢላዋውን አስቀመጠችና ዞረች። «ስድስት ሰባት ዓመት ሙሉ ደሜን የቀዱት፣ ሆዴን በማሽን ያዩት፣ ጠበል የወሰዱት እኔን ነው። ባሌን ‹አንተስ?› ያለው ማነው? አንቺም አላልሽም። ለአበባዋ ሲሆን ግን ጥፋቱ የቡፌው ነው ብለሽ ሁለት ገጽ ጽፈሽልኛል።»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ዓምድ ላይ ለስንቱ ሰው ምክር ስሰጥ ኖሬ ያን ዕለት የምለው ጠፋኝ። እውነቷን እኮ ነው። አንድ ተክል አላብብ ሲል ሥሩን አየሁ፣ ዕቃውን አየሁ፣ ብርሃኑን ለካሁ፤ «ከማን ነው?» ብዬ ዙሪያውን ሁሉ መረመርኩ። ለጓደኛዬ ያደረግሁት «አይዞሽ» ማለት ብቻ ነበር። ልጅ አለመውለድ ከሴቷም፣ ከወንዱም፣ ከሁለቱም ሊመጣ እንደሚችል ማንም ነርስ ይነግራችኋል። የወንዱ የመጀመሪያ ምርመራ ደግሞ ከሴቷ ምርመራዎች ሁሉ የሚቀል፣ መርፌ እንኳን የሌለበት ነው። እኛ ግን ሴቷን ነው ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት የምናንከራትተው። ባል «እኔ ምን ሆኜ?» ይላል፤ ቤተሰብ ሁሉ ዝም ይላል። እኔም ዝም ካሉት አንዷ ነበርኩ።

ይቅርታ ጠየቅኋት። «እሺ» አለች፤ ግን «እሺ» የሚባለው እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አበባዋን ይዤ ልመለስ ስል ግን ከለከለችኝ። «እሷ ምን አደረገች? ተያት።» ባሏ ቡፌው ላይ ሊያስቀምጣት ሲያነሳት «እዚያ አይደለም!» ብላ ከእጁ ተቀበለችውና ማድ ቤት መስኮት ላይ፣ ሰሐን የምታጥብበት ፊት ለፊት አስቀመጠቻት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ገደማ አልተደዋወልንም። እኔ መደወል ፈራሁ፤ እሷም አልደወለችም። ባሏ በየካቲት ሄዶ መመርመሩን ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ውጤቱን አልጽፍም፤ «ሰርዢው» ካለችኝ ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ስሟን ሳይ ልቤ ዘለለ።

«ስሚ» አለችኝ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ። «የመጨረሻው አበባ ትናንት ወደቀ። ዘንጉን ልቁረጠው?»

«ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?»

«ቆይ…» ኮቴዋ ተሰማኝ፤ ማድ ቤት ገባች፣ የውኃ ጠብታ ድምፅ። «አረንጓዴ ነው። ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ ደርቋል።»

«ከታች ጀምረሽ አንጓዎቹን ቁጠሪያቸው። ከሦስተኛው አንጓ አንድ ጣት ከፍ ብለሽ ቁረጪው። አረንጓዴ ከሆነ ከአንጓው ሌላ ቅርንጫፍ ሊያወጣ ይችላል። ከደረቀ ደግሞ ከሥሩ ቆርጠሽ ትጥይዋለሽ።»

«ሊያወጣ ይችላል ነው ወይስ ያወጣል?»

«ይችላል ነው። ላያወጣም ይችላል።»

«እሺ» አለች። ይሄኛው ሌላ «እሺ» ነበር። «ምላጭ አለኝ። አንድጄ ነው አይደል?»

«አንድጂው። ሥሯስ?»

«ብር መስሏል።»

«እንግዲያ ጠምቷታል፤ ሳፋው ውስጥ ንከሪያት።»

«ነክሬያታለሁ እኮ። አሥራ አምስት ደቂቃዋ ሊሞላ ነው። ከሰዓት ና… ማለቴ ነይ፣ ቡና አፈላለሁ። በረንዳ ላይ።»